የጦሳው ጎተራ

ደሴ ላይ መንጋቱ የሚታወቀው ኪስ ስትሞቅ ነው። ኪስ የምንለው በየቤታችን ግድግዳ ውስጥ የተቀበረችውን፣ ከአንድ ጡብ የማትበልጥ መሳቢያ ነው። ሰማዩ ገና ሳይቀላ ትሞቃለች። የቤቱ ሰው ከብርድ ልብሱ ጋር እየተጨቃጨቀ ይወጣና መዳፉን ይለጥፋል፤ እሷም ተከፍታ የዚያን ቀን መድኃኒት ትሰጠዋለች። የትናንቱና የዛሬው አንድ አይደለም። ማታ ጨው የበዛበት ወጥ የበላ ሰው ማስተካከያውን ጠዋት መድኃኒቱ ውስጥ ያገኘዋል። ከደሴ ሰው መድኃኒት የማይወስድ የለም፤ የታመመው እንዲሻለው፣ ጤነኛው ደግሞ ጤነኛ ሆኖ እንዲቆይ ይወስዳል። ሕፃናት ጥርስ ሳያወጡ መዳፍ መለጠፍ ይለምዳሉ።

መድኃኒቱ የሚመጣው ከጎተራው ነው፤ ጎተራው ያለው ደግሞ ጦሳ ተራራ ሆድ ውስጥ። አያቶቻችን መድኃኒት ቤት የሚባል ሱቅ ነበረን ይሉናል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ከመደርደሪያ ላይ ፓኮ እያወረደ «ይሄን ከምግብ በኋላ» ይል ነበር አሉ። ለእኛ ተረት ነው። ጎተራው እንዴት እንደሚሠራ ግን አትጠይቁኝ። እኔ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ፀጉር ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ሰው አሁንም ፀጉሩን በሰው እጅ የሚቆረጠው ወሬ ስለሚፈልግ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የማውቀው የሰውን ነገር ነው።

ኪስ አንድ ክፉ ጠባይ አላት፤ ትናገራለች። አዲስ መድኃኒት በሰጠችበት ጠዋት ለባለቤቱ ምን እንደሆነ፣ ለምን በሽታ እንደሆነ፣ ምን ተስፋ እንዳለው ሳትደብቅ ትነግረዋለች። ይህ ሕግ የወጣው በእኛ ጠባይ የተነሳ ነው። የታመመ ሰው ምን እንደታመመ መንገር እኛ አንወድም። ሐኪሙ ታማሚውን «ውጭ ጠብቁኝ» ብሎ ልጆቹን ያስገባ ነበር፤ ልጆቹ ዓይናቸውን ጠርገው ይወጡና «ጨጓራ ነው አለ» ይላሉ። የካንሰር መድኃኒት በቫይታሚን ጠርሙስ እየተገለበጠ ስንቱ በምን እንደሞተ ሳያውቅ ተቀበረ። በኋላ መንግሥት መረረውና የታማሚውን መብት ለግድግዳ ሰጠው።

እኛ ደሴዎች እጅ አልሰጠንም። ጥጥ ወተፍንባት። ራዲዮ ከፈትንባት። ሰኞ ገበያ ሰፈር የሚኖር አንድ ሰው እናቱ እንዳይሰሙ ብሎ ጠዋት ጠዋት ከኪሷ ሥር በግ ያስጮህ ነበር። ኪሷ ግን ትዕግሥተኛ ናት፤ ጩኸት ካለ ዝም ትላለች፣ ጸጥ ሲል ከመጀመሪያው ትጀምራለች። በጉም በመጨረሻ ደከመው።

ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ የጡት ካንሰራቸውን የሰሙት እንዲሁ ነው። ለብቻቸው ነበሩ፤ እጃቸው ላይ ሳሙና ነበር። ኪሷ «ይድናል» ብላቸው ነበር፤ እውነትም ድነዋል። ግን ያን ቀን ሳሙናው እጃቸው ላይ እስኪደርቅ ወለሉ ላይ ተቀምጠው እንደዋሉ ሆጤ ሁሉ ያውቃል። ዛሬም ኪሳቸው ስትሞቅ «በሽታውን ረስቼዋለሁ» ይላሉ፤ «ያ ብቸኝነት ግን ከሆዴ አልወጣም።»

አሁን ወደ ጋሽ ሰይድ ይመር ልምጣ። ጋሽ ሰይድ መሪ ጨብጠው ወደ ሚሌ ከወረዱት ሾፌሮች የመጨረሻው ናቸው። ከእሳቸው በኋላ መኪናዎቹ ራሳቸውን መንዳት ጀመሩ። ጡረታ ከወጡም ወዲህ ኮፍያቸውን አላወለቁም፤ ጠዋት መዳፋቸውን ሲለጥፉ ኪሷን «እንዴት አደርሽ፣ ትራፊክ» ይሏታል። ሚስታቸው ካረፉ ቆይቷል። የቀሯቸው ሁለት ልጆች ናቸው፤ አብራቸው የምትኖረው አስተማሪዋ ጦይባና ዳሎል ላይ በፀሐይ ማማ የሚሠራው እንድሪስ። እንድሪስ የሚሠራው ከሰማይ ጠቀሱ ማማ ጫፍ፣ ብረት በሚያቀልጥ ብርሃን አጠገብ ነው። ጋሽ ሰይድ በዓለም ላይ የሚፈሩት አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ማማ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር እጃቸው ወደ ደረታቸው ይሄዳል።

አንድ ቀን የክሊኒኩ ሐኪም ጦይባን ወደ ኮሪደር ጠራት።

«ጎተራው አሳውቆኛል» አላት በሹክሹክታ። «የአባትሽ ጉበት ነው። ካንሰር። የሚድንበት ጊዜ አልፏል፣ ጦይባ። ነገ ጠዋት አዲስ መድኃኒት ይላክላቸዋል፤ ማስታገሻ ብቻ ነው። ኪሷ ትነግራቸዋለች።»

«አንተ ንገራቸው እንጂ፣ ዶክተር!»

«እኔ?» አለ ሐኪሙ ደንግጦ። «እንዴት ብዬ!»

ጦይባ ትምህርት ቤቱን አስፈቅዳ በገመድ መኪና ወደ ጦሳ ወጣች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ በኋላ ነው። ያኔ በሐሳቧ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቷ እንደ እትዬ ብርቄ ሰው ሳይሰበሰብላቸው ከግድግዳ መርዶ እንዳይሰሙ። እንድሪስ እስኪመጣ ጎተራው ዝም እንዲልላት ልትለምነው ሄደች።

ጎተራው በር ላይ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ አቶ ጌጤነህ ይባላል። ሥራው «ይማርዎት» ማለት ነው። አልቀልድም። ጎተራው ሲከፈት አንድም ሠራተኛ አልነበረውም፤ ለአቤቱታ የመጣ ሰው ሁሉ «ማንም ይማርህ ያላለበትን መድኃኒት አልውጥም» እያለ ይመለስ ጀመር። እሱ ተቀጠረና ነገሩ ረገበ። ለክርስቲያኑ «እግዜር ይማርዎት»፣ ለእስላሙ «አላህ ያሽርዎት» ይላል።

ጦይባንም «አላህ ያሽርልሽ» አላት፤ ለሰው እንደመጣች ፊቷ ላይ አይቶ። ከዚያ ፋኖስ አነሳ። «ውስጥ መብራት የለም። ማሽኖቹ ብርሃን አያስፈልጋቸውም። እንዳትሸበሪ።»

ገቡ። መጀመሪያ የሰማችው ድምፅ ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ። የማይታዩ እጆች በጨለማው ውስጥ እያነሱ፣ እየመዘኑ፣ እያስቀመጡ ነበር። አቶ ጌጤነህ ፋኖሱን ከፍ ሲያደርገው ተራራው ውስጡ ባዶ ሆኖ አየችው። ግድግዳው ከእግሯ ሥር እስከ ዓይኗ መድረሻ ድረስ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ የደሴ ሰው ነው። ስም የለበትም። ባለቤቱ በአጠገቡ ሲያልፍ ብቻ ደብዘዝ ብሎ ይበራል።

አንዱ በራ። የእሷ ነው። ግማሽ ድረስ ሞልቷል።

«እኔ እኮ አልታመምኩም» አለች።

«ወደፊት የሚያስፈልግሽ ነው።»

«መቼ?»

«እሱን እኔም አላውቅ፣ እቴ። የኔም ሞልቷል። ሳልፍ አላየውም።»

ጦይባ አለቀሰች። ፈራች፤ ግን ፍርሃት ብቻ ቢሆን አታለቅስም ነበር። ከተማው በሙሉ እዚያ ነበር። የምትወደው፣ የምትጠላው፣ ገመድ መኪና ላይ ገፍትሯት ያለፈው፣ ትናንት ሌሊት የተወለደው፣ ሁሉም በጨለማ ውስጥ አንድም ሳይረሳ ይታሰብለታል። «ሰው ሰውን እንዲህ አስቦ አያውቅም» አለችኝ፤ ይህን ስትል ድምፅዋ ዝቅ ይላል። የአንድ ቤት ሰዎች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ከእሷ አጠገብ የነበረው ቀዳዳ የአባቷ ነው። ለዓመታት የተጠራቀመው ሁሉ ወጥቶ ባዶ ሆኗል፤ አንዲት ነጭ ብልቃጥ ብቻ ተቀምጣበታለች።

መጨረሻው ላይ ሰው ቆሞ የሚናገርበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ወጣችበት።

«አባቴ ሰይድ ይመር ናቸው» አለች። «ነገ እንዳትነግራቸው። ወንድሜ ከዳሎል እስኪመጣ ብቻ። እባክህን።»

«መድኃኒቱ ነገ ይደርሳል» አለ ጎተራው። ድምፁ በየቤታችን የምንሰማው ያው የኪሷ ድምፅ ነው። «የሚወስደው ሰው ምን እንደሚወስድ ይሰማል። ይህን ማስቀረት አልችልም።»

«አንድ ቀን ብቻ!»

«አልችልም።»

ያኔ ጦይባ ተናደደች። አስተማሪ ስትናደድ ታውቃላችሁ።

«ሁሉን ታውቃለህ፤ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ግን አታውቅም!» ብላ ጮኸች። «እኛ ጋ ክፉ ወሬ ለብቻ አይነገርም። ጎረቤት በማለዳ ይሰበሰባል። ጋቢውን ለብሶ ይመጣና ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰውየው በሩን ከፍቶ ሲያያቸው ነገር እንዳለ ይገባዋል። ቃሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ቢወድቅ እንኳ የሚይዘው ሰው አጠገቡ አለ። አንተ ግን አንድን ሽማግሌ ጎረቤት ሳይሰበሰብለት ታገኘውና…»

መጨረስ አልቻለችም።

ዝናቡ ቆመ። እነዚያ የማይታዩ እጆች ሁሉ፣ በተራራው ሙሉ፣ ቀጥ አሉ። አቶ ጌጤነህ እዚያ ከተቀጠረ ጀምሮ ያ ድምፅ ሲቆም ሰምቶ አያውቅም።

«ሰምቻለሁ» አለ ጎተራው። ዝናቡም እንደገና ጀመረ።

ጦይባ ይህን እንደ እምቢታ ነው የወሰደችው። ስትመለስ ግን አንድ ሐሳብ መጣላት፤ ጎተራው ዝም ካላለ ጎረቤት ራሷ ትሰበስባለች። አመሻሹ ላይ እትዬ ብርቄ ቤት ገባች። እትዬ ብርቄ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነበር።

«ምነው፣ ጦይባዬ? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

ጦይባ አፏን ከፈተች። «አባቴ ሊሞቱ ነው» ብላ ከተናገረች ነገሩ እውነት ሊሆንባት ነው። ልብ አጣች።

«ትንሽ ጨው ካለዎት ብዬ» አለች። ቤታቸው ጨው ሞልቷል። እትዬ ብርቄ በወረቀት ጠቅልለው ሰጧት፤ ይዛ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ጋሽ ሰይድ ኮፍያቸውን አድርገው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። «እንድሪስ ደወለ?» አሉ።

«አልደወለም፣ አባዬ። ሙቀቱ ሲበረታ መስመሩ ይቆረጣል አይደል?»

«ይቆረጣል» አሉ። ራታቸውን አልነኩም።

በማግስቱ ጠዋት የእኔ ኪስ እንደ ወትሮዋ ሞቀች። መዳፌን ለጠፍኩ፤ ተከፈተች። ባዶ ነበረች።

«የዛሬው መድኃኒትዎ ሰይድ ይመር ቤት ነው» አለችኝ። «ብርድ ነው። ጋቢ ይልበሱ።»

እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ተበላሸች ብዬ እያጉረመረምኩ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ከፊቴ እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ተከናንበው ይሄዳሉ። ከላይ በኩል የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ አደም በከዘራቸው እየተመሩ ይወርዳሉ። ከየግቢው ሰው ይወጣል። ሁሉም የተበላሸችው የራሱ ኪስ ብቻ መስሎታል፤ ስለዚህ ማንም ለማንም ምንም አላለም።

ጋሽ ሰይድ ግቢ ስንገባ ግን እርስ በርስ ተያየን። ማለዳ ነው። ጋቢ ለብሰናል። ሰፈሩ በሙሉ አንድ በር ላይ ቆሟል። ማንም ሳያዘን ድምፃችንን ዝቅ አደረግን፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቀዘቁ፤ አግዳሚው ላይና ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ለመድኃኒት እንደመጣን ረስተን ነበር፤ ሰውነታችን ግን የመርዶን ወግ ያውቀዋል።

«ማን ነው?» አሉ እትዬ ብርቄ በሹክሹክታ።

«እንድሪስ ይሆን?» አልኩ። አፌን በቆረጠው።

ሼህ አደም የሰፈሩን መርዶ ሁሉ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። ዞር ዞር ብለው አዩን። «የሚያውቀው ማን ነው ታዲያ? እኔ የተነገረኝ ነገር የለም።» መርዶ ነጋሪ የሌለው መርዶ ሆነና ሁላችንም እርስ በርስ እንጠባበቅ ጀመር።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ሰይድ በሹራብ ብቻ፣ ያለ ኮፍያ ወጡ። አዩን። አንድ በአንድ አዩን።

«ልጄን!» አሉ። «እንድሪስን! ያ ማማ በላብኝ!»

ሊወድቁ ሲሉ እኔና ሼህ አደም በብብታቸው ያዝናቸው። ጦይባ ከውስጥ እየሮጠች ወጣች። እኛን ስታይ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ማን እንደጠራን ከሁላችን በፊት ያወቀችው እሷ ናት።

«አባዬ፣ እንድሪስ አይደለም! በአላህ ስሙኝ!»

ማን ይስማት። ደግፈን ወደ ውስጥ አስገባናቸው፤ ቤቱ በሰው ሞላ። ጋሽ ሰይድ እንዳይወድቁ ግድግዳውን ያዙ፤ መዳፋቸው ያረፈው ኪሷ ላይ ነበር። ተከፈተች። ልቅሶው እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ በዚያው በማይለወጥ ድምፅዋ ተናገረች።

«ሰይድ ይመር። የዛሬው መድኃኒትዎ አዲስ ነው። የጉበት ካንሰር አለብዎት። መድኃኒቱ ሕመሙን ያስታግሳል፤ አያድንም። ይህን ማወቅ መብትዎ ነው።»

ጋሽ ሰይድ ቀና ብለው ግድግዳውን ተመለከቱ።

«የማን ጉበት?» አሉ።

ኪስ ተናግራ ትጨርሳለች እንጂ ለጥያቄ መልስ ሰጥታ አታውቅም። ያን ቀን ግን መለሰች።

«የእርስዎ።»

«የእኔ? እንድሪስስ?»

«እንድሪስ ሰይድ ዛሬ ጠዋት ዳሎል ላይ መድኃኒቱን በገዛ እጁ ወስዷል። ደኅና ነው።»

ጋሽ ሰይድ ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «አልሐምዱሊላህ። እኔ ነኝ እኮ! እኔው ነኝ!» ሳቁ። እንባቸው እየወረደ ሳቁ። «ታዲያ ምነው እንዲህ ታስደነግጡኛላችሁ፣ እናንተ ሰዎች?»

እትዬ ብርቄ መጀመሪያ አለቀሱ፣ ቀጥሎ ሳቁ፣ እኔም እንደዚያው። ጦይባ አባቷ እግር ሥር ተቀምጣ ጉልበታቸውን አቀፈች። ሰው የራሱን ሞት ሰምቶ እንዲህ ሲያመሰግን አይቼ አላውቅም፤ የማይም አይመስለኝም።

ጎተራው አባት የልጁን ሞት ከፈራ በኋላ የራሱን እንደ ምሥራች እንደሚቀበለው አስቦበት ይሆን? ወይስ ጦይባ የነገረችውን «ሰብስባችሁ ንገሩ» የሚለውን ብቻ ፈጸመና የቀረው የእኛ ስሕተት ነው? የሰው ፀጉር እየቆረጥኩ ስንት ጊዜ አሰብኩት። ጦሳን ቀና ብዬ ሳየው ግን ዛሬም ይነዝረኛል።

ያን ጠዋት የሁላችን መድኃኒት በዚያች አንዲት ኪስ፣ በጋሽ ሰይድ መዳፍ ሥር ወጣ። ኪሷ ስም ትጠራለች፤ እሳቸው ያነሳሉ። ድሮ ሾፌር ሳሉ ከሚሌ የሰው አደራ ይዘው ሲመጡ እንደሚያደርጉት ለየባለቤቱ በእጁ ሰጡት። «እንኪ፣ ብርቄ፣ እግዜር ይማርሽ። ሼህ አደም፣ አላህ ያሽርዎት። ፀጉር ቆራጩ፣ ና፤ አንተን ደግሞ ከወሬ ያሽርህ።» የእሳቸው ነጭ ብልቃጥ መጨረሻ ቀረች። ጦይባ ውሃ አመጣች። ሁላችንም በአንድ ድምፅ፣ ግማሹ ይማርዎት፣ ግማሹ ያሽርዎት አልን። ዋጡት።

«መራራ ነው» አሉና ፊታቸውን አጨማደዱ።

በማግስቱ ኪሶቻችን ወደ ቀድሞ ሥራቸው ተመለሱ። እኛ ግን አልተመለስንም። መድኃኒታችንን ከየቤታችን እያነሳን፣ በጭብጣችን ይዘን ጋሽ ሰይድ ቤት እየሄድን አብረናቸው እንውጥ ጀመር። ማንም እንዲህ እናድርግ አላለም። እንድሪስም መጣ፤ ሰነባበተ፤ አልሄድም ሲል አባቱ አባረሩት። «እኔ ጭነቴን አራግፌያለሁ» አሉት፤ «አንተ ገና መንገድ ላይ ነህ። ሂድ።» ሲሄድ በመስኮት ሸኙት፤ በማማው ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሲጨነቁ አላየኋቸውም።

አንድ ጠዋት እንደ ወትሯችን ተቀምጠን ሳለ ኪሷ የጦይባን ሰጥታ ስታበቃ ለአባቷ አልሞቀችም። ጦይባ ሄዳ ዳሰሰቻት፤ ቀዝቃዛ ነበረች። ወደ አባቷ መኝታ ገባች። ሼህ አደም ከዘራቸውን አስደግፈው ተነሱ። «ጎረቤት ጥሩ» የሚል አላስፈለገም፤ እዚያው ነበርን።

የቀረው እንድሪስ ነው። የስልኩ መስመር በሙቀቱ ተቆርጧል። ዳሎል ድረስ ማን ይውረድ፣ ማን ያርዳው እያልን ስንከራከር በነጋታው ራሱ ከተፍ አለ፤ ዓይኑ አብጦ፣ ጋቢ ደርቦ።

ዳሎል የራሱ ጎተራ አለው፤ ጨው ሥር የተቀበረ ሌላ ጎተራ ነው። ሁለቱ እንደሚተዋወቁ የነገረን ሰው አልነበረም።

አባቱ ባረፉበት ጠዋት የሥራ ባልደረቦቹ ከማማው ሥር ያለውን የመኝታ ክፍሉን አንኳኩበት። ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ የእኛን ወግ አያውቁም። ሁሉም በእጁ የውሃ ኩባያ ይዟል። «መድኃኒታችሁ እንድሪስ ክፍል ነው አለን፤ ማሽኑ ተበላሽቷል» እያሉ ይሳሳቁ ነበር።

እንድሪስ በማለዳ ደጁ ላይ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ አያቸው። ከመሃላቸው ለምን እንደመጣ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። እሱ ግን የሆጤ ልጅ ነው። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና «ግቡ» አላቸው፤ «ግቡና ተቀመጡ።»